አሥራ አራተኛው ጭንቅላት

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አምቦ ላይ ዳዊቴን በነጠላ ጫፍ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ፊደል ከምታውቀው ባልንጀራዬ ከዘቢደር አጠገብ ስቆም፣ እሷ ገጽ ስትገልጥ ስገልጥ ኖሬያለሁ። ዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ማለዳ ማለዳ ሲደግም ሰምቼ የያዝኩት ነው። ሽፋኑ ላይ መስቀል ባይኖር ኖሮ ዘቅዝቄ ይዤው እዋረድ ነበር።

የሲንቄ ልጅ ለሊሳ ባይመጣ ነገሩ ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር። ነፍሷን ይማርና ሲንቄ ጎረቤቴ ነበረች። ልጁ እኔ ጓሮ ነው ያደገው፤ በእናቱ ቋንቋ አዳዳ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ስድስት ዓመት ፈረንጅ አገር ተምሮ ዶክተር ሆኖ መጣ። የሚያክም መስሎኝ ጉልበቴን ባሳየው ሳቀ። የእሱ ሥራ የሰው ጭንቅላት ሳይከፍቱ፣ መርፌም ሳይወጉ፣ አንጎል ሲሠራ ማየት እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ሰው ሲያወራ ፊቱን አይቼ የማውቀውን ነገር ስድስት ዓመት ተማርክበት ወይ አልኩት።

ጥናቱ ይህ ነው፦ ማንበብ መቻል የሰውን አንጎል ይለውጠዋል ወይ? ለዚህ የሚያነቡና የማያነቡ አሮጊቶች ያስፈልጉታል። የማያነቡትን ደንዲም ወንጪም ሄዶ ሃያ አገኘ። የሚያነብ አሮጊት ግን ከየት ይምጣ? በስንት መከራ አሥር ሞላ። አንዷ ዘቢደር ናት፤ አሥረኛዋ እኔ ነኝ። ሳይጠይቀኝ ከሚያነቡት ጋር ጻፈኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለወጉ ያህል ዳዊቱን ሰጠኝና ከመጀመሪያው ያንብቡልኝ አለ። አንበለበልኩት። ዘቢደር ሦስት መስመር በምታነብበት ጊዜ እኔ መዝሙሩን ጨረስኩ።

ቅቤዬን ታጥቤ፣ ሹሩባዬን ፈትቼ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ከየቀዳዳው ሽቦ የሚወጣበት ቆብ ጨው በገባበት ውሃ ነክሮ ደፋብኝ፤ ውሃው በማጅራቴ ወረደ። ፊት ለፊቴ ባለው ቴሌቪዥን ላይ አንዴ ፊደል ይመጣል፣ አንዴ ደግሞ ፊደል የሚመስል የማንም ያልሆነ ጭረት። የሚያነብ ሰው አንጎል ሁለቱን ወዲያው ይለያል፣ የማያነብ አይለይም፤ ሽቦው የሚይዘው ያንን ነው አለኝ። አየሁ። ለእኔ ሁሉም ዶሮ የጫረችው ነው።

ከወር በኋላ አንድ ሽቦ ተበላሽቶ ነበር ብሎ እንደገና ለካኝ። በመሃል መብራት ጠፋ፤ ቆቡን እንደደፋሁ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካኝ አሸልበው ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በሰው ፊት አሸልቤ አላውቅም። ልጁ እየከሳ ሄደ። ፈረንጅ አገር ያለችው አስተማሪው ከሚያነቡት አንዷ ልክ እንደማያነቡት ሆና ወጣች፣ ምን እየሠራህ ነው ብላ ጽፋበታለች።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ እንደማይታመን አስረዳኝ። እርግጠኛ የሆነበት አንድ ሰው ሦስቴ ተሳስቶ ከወጣ የሌሎቹም ሃያ ዘጠኝ አይታመንም። ጥናቱን አቁሜያለሁ የሚል ደብዳቤ ጽፏል፣ ነገ ይልከዋል። ከዚያ በውሰት የመጣው ማሽን ተጭኖ ይሄዳል፣ እሱም ጠመኔውን ይዞ ጀማሪ ተማሪ ሲያስተምር ይኖራል።

እርጅና ሊሆን ይችላል፣ አንጎሌ ደክሞ ይሆናል አልኩት።

«ዘቢደር በአምስት ዓመት ይበልጡዎታል፤ የእሳቸው ቁልጭ ብሎ ነው የወጣው።»

ይህችኛዋ አነደደችኝ።

«ማሽኑ ልክ ቢሆንስ?»

«እርስዎን ከምጠራጠር ማሽኑን ብሰብረው ይሻለኛል፣ አዳዳ።»

የተማረ ሰው እንዲህ ነው! ስድስት ዓመት ማሽን ተምሮ አሮጊት ያምናል። ተነሥቼ ዳዊቱን አመጣሁና ከመሃል ገለጥኩለት። ከወደድክበት ላይ ጣትህን አድርግና አንብቢ በለኝ አልኩት። ግራ እየገባው ጣቱን አደረገ። እኔም ዝም አልኩ። ጣቱን ወደ ታች አወረደ፤ ዝም አልኩ። ገጹን ሲገለብጥ ይህም ለእኔ ዶሮ የጫረችው ነው አልኩት።

ያጽናናኛል ብዬ ነበር። አላጽናናኝም።

«ሦስት ወር ሙሉ ሽቦ ስቀይር!»

«እኔ አርባ ዓመት ገጽ ገልጫለሁ» አልኩት።

ተነሥቶ ግቢውን ሁለቴ ዞረ። ሲመለስ ደብዳቤውን ከቦርሳው አውጥቶ ቀደደው። እኔም ከተዋረድኩ አይቀር በደንብ ይሁን ብዬ፣ ዘርፈሽ ፊደል አታውቅም ብለህ ለፈረንጇ ጻፍላት አልኩት። ስም አይጻፍም፣ እርስዎ አሥራ አራት ቁጥር ነዎት አለኝ። ምሥጢርዎን ለመጠበቅ ነው ይላል። አርባ ዓመት ራሴ ጠብቄው በገዛ አፌ ስናገረው ጊዜ ቁጥር ሰጠኝ።

ከዚያ ደግሞ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ስወጣ የሚያነቡት ዘጠኝ ቀሩ፤ አስተማሪው በዘጠኝ አትቀበለውም። ማሽኑ ደግሞ ጳጉሜን ሳይገባ ይወሰዳል።

ነጠላዬን አነሣሁ። ባኮ ዳዊት የምትደግም አንዲት የቄስ ሚስት አለች፤ በሕይወት ካለች የመጨረሻው አውቶብስ ሳያመልጠን እንሂድ አልኩት። ዶክተሩ ቦርሳውን ይዞ ተከተለኝ፣ እንዳኮረፈ።

«ይቺኛዋን ግን» አልኩት መንገድ ላይ፣ «ከመሃሉ አስነብባት።»