ጋሽ ውበቱ የመሩት የመጨረሻ ጉዞ

የመካነ ሰላምን የእግር ጉዞ ማኅበር የመሠረቱት ጋሽ ውበቱ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። በወር አንድ ቅዳሜ አሥር አሥራ ሁለት ሆነን ወደ ደንቆሮ ጫካ እንወጣለን። መምህራን፣ ነርሶች፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች። ካርታ ይዘን አናውቅም፤ ካርታችን ጋሼ ነበሩ።

የሚያዝያው ጉዟችን ማለዳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጓሳ ሣር የለበሰው ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዋጠን፤ በረዶም ይወርድብን ጀመር።

«እንመለስ ጋሼ» አለች ፈይዛ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ።

«እንመለሳለን። በዚህ በኩል አቋራጭ አለ» ብለው ፊት ፊት መሩ።

ስንወጣ ከመንገዱ ዳር የሚወርደውን ምንጭ በቀኛችን ትተነው ነበር፤ ስንመለስ በግራችን መሆን ነበረበት። እሱ ግን አሁንም በቀኛችን ይፈሳል።

«ጋሼ፣ ምንጩ እኮ...» አልኳቸው።

«ደግሞ መንገድ ልታሳየኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጥቂት እንደሄድን ዞር ብለው «አሳምነው፣ ከኋላ ሰው እንዳይቀር» አሉኝ። ስሜ በፍቃዱ ነው። አሳምነው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። መምህሬን በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ግን ከበደኝና ተከተልኳቸው።

ከፊቴ ትሄድ የነበረችው ፈይዛ «ያ ረቢ!» ብላ ከዓይኔ ጠፋች።

የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወድቃ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ይዟታል። ከቁጥቋጦው ወዲያ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ ከታች፣ በጣም ከታች፣ የውኃ ድምፅ ይሰማል። ጋቢና ነጠላ ቀጣጥለን አወጣናት። እግሯ ተሰብሯል።

ጩኸታችንን የሰሙ ሁለት ገበሬዎች ደረሱልን። «ማነው ወደዚህ ያመጣችሁ? ይኼ እኮ የገደል አፍ ነው» አለ አንደኛው፣ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት እየቆረጠ።

ተሸክመናት ስንወርድ ጋሼ ጠጋ ብለው «ማን ነው የተጎዳው?» አሉ።

«ፈይዛ ናት ጋሼ።»

«እኔን! ምን ሆና?»

ነገርናቸው። ትንሽ እንደሄድን እንደ አዲስ «ማን ነው የተጎዳው?» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ፈይዛ ከቃሬዛው ላይ ራሷን ቀና አደረገች።

«እኔ ነኝ ጋሼ። አንሸራትቶኝ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«አይዞሽ ልጄ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ማን ነው ግን መንገዱን የመራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድሮ ክፍል ውስጥ ሲቆጡ በሚያዩኝ ዓይን አዩኝ። «በጭጋግ ምንጩን ተከተል ብዬ አላስተማርኩህም?»

«አስተምረውኛል ጋሼ።»

ቤታቸው ሳደርሳቸው ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት ርጥብ ኮታቸውን አወለቁላቸው። የሆነውን ስነግራቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከጥቅምት ጀምሮ ነው» አሉኝ። «የጎረቤቱ ስም ጠፋበት፤ የልጆቹም ጠፋበት። ተራራውን ግን አይረሳም ብዬ ነው የላክሁት። ማረፊያው እሱ ብቻ ነበር። ለእናንተ ባለመንገሬ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

እኔም መሳሳታቸውን አስቀድሜ ማየቴን ልነግራቸው ፈልጌ አቃተኝ።

ፈይዛ ደሴ ሆስፒታል ብረት ገብቶላት በሦስተኛው ወር ሥራ ጀመረች። እያነከሰች ነው የምትሄደው። ተራራ ግን ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ቂም አልያዘችም፤ ለዒድ ለጋሼ ምግብ ልካላቸው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ። አንዱ «ለጋሼ ባንነግራቸው ይሻላል» አለ። የተቃወመ አልነበረም። በቤታቸው እንዳናልፍ በጓሮ መንገድ ዞረን ወጣን። ላይ ስንደርስ የኮረብቶቹን ስም የሚነግረን ጠፋ፤ በጊዜ ተመለስን።

እሑድ እሑድ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን የተራራ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ አገኛቸዋለሁ።

«ቅዳሜ አይደለም? ሰዎቹ የታሉ?» ይሉኛል።

«ዝናብ ስለሆነ ቀርቷል ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ በጥር ፀሐይ።

«እንደሱ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ማሰሪያ እፈታላቸዋለሁ።