አንድ ጉንጭ ውሃ

ሾፌሯን እግሯ ከድቷታል፣ እጇም ተከትሎት ሄዷል፤ እልኋ ግን ወይ ፍንክች። ረጅሙን አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ስታዞር «ሴት ናት» ብሎ መንገድ የለቀቀላት አልነበረም፤ እየተጋፋች ነው ያለፈችው። አልጋ ላይ ስትወድቅ በቀላሉ እጅ ትሰጣለች ብሎ ያሰበ ካለ አያውቃትም።

ሐኪሙ ነገሩን ለቤተሰቡ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ከበሽታ ሊከላከልላት የሚገባው የገዛ አካሏ ዞሮ ነርቮቿን እየመታ ነው። በዚያ ላይ ኩላሊትን «ውሃ ያዝ» እያለ የሚያዘው ሆርሞን ልክ አጥቷል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሰውነቷ ውሃውን አልለቅም ብሏል። ውሃው ሲበዛ በደሟ ያለው ጨው ይሳሳል፣ ጨው ሲሳሳ ደግሞ ሰው ይቀባዥራል። ነርሷ ከለካችላት በላይ አንዲት ጉንጭ እንዳትጨምሩ አላቸው።

ይህን እስቲ ለእናት ንገሩ። የልጇ ከንፈር ተሰነጣጥቆ እያየች አንጀቷ እንዴት ይቻለው? ትናንት ነርሷ ዞር እስክትል ጠብቃ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ በማንኪያ አጠጣቻት። አክስቷም ጭማቂ ጨመረችበት። አመሻሹ ላይ ሾፌሯ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና፣ «እናት፣ መጨረሻው ፌርማታ ነው፤ ይውረዱ» አለቻት። እናትየዋ በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብላ አለቀሰች እንጂ ማንኪያዋን አልጠረጠረችም።

በደም ሥሯ የሰጧት ጨው ነፍስ ዘራባትና፣ ጠዋት ላይ ሾፌሯ ማታ ያለችውን፣ እንዲህ የሚያደርጋትም ውሃ ሲበዛባት መሆኑን ከነርሷ ሰማች። አፈረች፣ ቀጥሎም ተናደደች። ነርሷ ወጣ ከማለቷ ማንኪያው መጣ። እጅ የላት፣ በምን ትግፋው? ጥርሷን ነከሰች። እናት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በጡቴ አለች። እንደምንም ማንኪያውን ስታስገባው ሾፌሯ ውሃውን እናቷ ቀሚስ ላይ እንትፍ አለችው።

«በእኔ ላይ?» አለች እናት።

የሾፌሯ ምላስ ተሳስሯል፤ ቃሉ አንድ በአንድ ነው የወጣው። «ትናንት ጠጥቼ ጠፋሽብኝ፣ እማዬ። ዛሬ ይጥማኝ፤ ግን ልወቅሽ።»

እናትየዋ ቀሚሷን ሳትጠርግ ተነስታ የጠርሙሱን ውሃ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። አክስት ጭማቂዋን ይዛ ከተፍ ስትል እግሯን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችባት። አክስት ልጅቷን በውሃ ጥም ልትገድያት ነው ወይ ብላ አፈጠጠችባት።

«ከጠማሽ እዚሁ ጠጪው» አለቻት እናት። «ወደ ልጄ ግን አያልፍም።»