የየሺመቤት ሐሙስ

ባለቤቴ የሺመቤት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውልና ማታ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማዋ አይወልቅላትም። ከሳምንቱ ውስጥ የራሴ ብላ የያዘቻት ሐሙስ ማታ አንዲት ሰዓት ናት፤ ተከታታይ ድራማዋ የሚተላለፍባት። ታያለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ዳንቴሉን ታለብሰዋለች። እኔ ቴሌቪዥን ሲጮህበት የሚያመሽ ቤት አልወድም፤ እንደ ጨው ነው፣ ሲበዛ ወጡን ያበላሻል። የእሷን አንድ ሰዓት የነካ ግን ከእኔ ጋር ይጣላል።

ምን ዋጋ አለው፣ የነካብን ሰው የማይጣሉት ሰው ሆነ። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥዑመ ልሳን!

ከፋሲካ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየመጡ ይጠይቁን ጀመር። የንስሐ አባት ሲገባ ቴሌቪዥን ከፍቶ መቀበል ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው። የውጭው በር ሲንኳኳ የሺመቤት ብድግ ብላ ታጠፋዋለች፣ ዳንቴሉን ትወረውርበታለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ መስቀል ትሳለማለች። እሳቸው ቁጭ ይሉና የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አየት አድርገው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እኛም «ዓለማዊነታችን አሳዘናቸው» እያልን አንገታችንን እንደፋለን።

የባሰው ደግሞ በየሳምንቱ ቀደም እያሉ መምጣታቸው ነው። መጀመሪያ ድራማው ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ቀጥሎ መሃሉ ላይ፤ በኋላማ ገና የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ። ያመለጣትን በማግስቱ ጎረቤታችን አስያ ከሱቋ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ትተርክላት ነበር። «በስልክ እይው» ስላት «ቆሞ እንደ መብላት ነው» ትለኛለች።

የመጨረሻው ክፍል የሚተላለፍበት ሐሙስ ደረሰ። ልጅቱ ከሁለቱ ወንዶች የትኛውን እንደምታገባ የሚታወቀው ዛሬ ነው። አስያ ለሠርግ ወደ ወረታ ሄዳለች፤ ነገ የሚተርክ የለም። ደግነቱ ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡን ያወርደው ጀመር።

«በዚህ ዝናብ ሽማግሌ ከቤቱ አይወጣም» ብዬ አጽናናኋት። ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ደስታዋን ሳይ እኔም ደስ አለኝ።

ገና ማስታወቂያው ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ። መምሬ፣ ከነጃንጥላቸው!

የሺመቤት እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ሪሞቱን አነሣች። ከዚያ እጇ ቆመ፤ እንባዋ መጣ።

«አባቴ ይፍቱኝ፤ ስገጅ ያሉኝን እሰግዳለሁ። ዛሬ ግን አላጠፋም!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። መምሬ ከጃንጥላቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«ታጠፊው ነበር እንዴ?»

«እርስዎ ሲመጡ ነዋ፣ አባቴ።»

«አንች ልጅ! እኔ እኮ እያለቀ መስሎኝ ነው! እቤት የልጅ ልጆቼ ኳስ ብቻ ነው የሚያዩ። በደጃችሁ ሳልፍ ድምፁን ሰምቼ ከእናንተ ጋር ልመለከት ብመጣ፣ ስገባ ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ዘገየሁ እያልሁ ቀደም ብዬ መምጣት ጀመርሁ። ዛሬማ መጨረሻው ነው ሲሉ ሰምቼ በዝናብ ወጣሁ!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የሺመቤት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከሶፋው ጥሩውን ቦታ ለቀቀችላቸው።

ሁለቱ ሲያዩ ማየት ነበር ደጉ። «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ መምሬ። «ያንን ክፍል አላየሁትም፤ እርስዎ መጥተው ነበር» ትላለች እሷ። ተመካክረው መነጽር ያደረገው ሰውዬ ደግ ነው ብለው ፈረዱለት። ልጅቱ ሌላውን ስትመርጥ እኩል «ኧረ!» ብለው ጮኹ፤ እናትየዋ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ግን እኩል አለቀሱ።

ዝናቡ ሲያባራ እስከ በር ሸኘናቸው።

«የሚመጣው ሐሙስ ሌላ ይጀምራል?» አሉ።

«እንጃ አባቴ። ባይጀምርም ይምጡ» አለች የሺመቤት። ከልቧ እንደሆነ ድምፅዋ ያስታውቃል።

«ባይጀምርማ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አሉና ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቁልቁል ወረዱ። የሺመቤት የበሩን መቃን ይዛ እስኪበቃት ሳቀች።