የዘይቱና ጭብጨባ

አብዱልጀባር ልብስ ሰፊ ነበር። ነበር ማለት ያማል እንጂ ሰውየውስ አለ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ተክለ ሃይማኖት ጋ በነበረችው ሱቁ የሰው ትከሻ በዓይኑ ለክቶ ኮት የሚቆርጥ፣ ከደንበኛ ጋር ሲቃለድ ጎረቤቱን ሥራ የሚያስፈታ ሰው፣ ልቡ ከደከመች ወዲህ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። ሐኪሙ ሚስቱን ዘይቱናን፣ "ልባቸው ደም በደንብ አልረጭ ብላለች፤ ወደ አንጎላቸው የሚደርሰውም አንሷል። መርሳቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ድብርቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ስንፍና እንዳይመስልዎ" ብሏታል። መድኃኒትም ጨምሮለታል። መድኃኒቱ ግን ሰውየውን ከግድግዳው አላዞረላትም።

ያዞረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲል ዘይቱና መስገጃውን ከአልጋው አጠገብ አነጠፈችና፣ "የሙስአብ አባት፣ ለብቻዬ መስገድ ሰለቸኝ። ዛሬ አሰግደኝ" አለችው። ድሮ በሱቁ አካባቢ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የሚያሰግደው እሱ ነበር። አሁን መስጊድ ልሂድ ቢል ደረጃውን ቢወርድ እንኳ መልሶ መውጣቱ አይሆንለትም። ተነሣ። ታጥቦ ውዱእ አደረገ፣ ኮፊያውን ደፋ፣ ወንበር ተደግፎ ከፊቷ ቆመ። ሰግደው ሲጨርሱም እራት በላ፤ ወጡን ቀምሶ፣ "ጨው ከገበያ ጠፋ ወይስ አንቺና ዶክተሩ ተማክራችሁብኝ ነው?" ብሎ ተረባት። ዘይቱና ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የግድግዳው ቢሆንም መግሪብ የእሷ ሆነ።

ታዲያ አንድ ምሽት፣ ሦስት ረከዓ፣ ማለትም ሦስት ዙር ስግደት የሆነውን መግሪብ ሲያሰግዳት ለአራተኛ ተነሣ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አሰጋጅ ሲሳሳት ከኋላው ያለ ወንድ "ሱብሃነላህ" ይላል፣ ሴት ደግሞ ታጨበጭባለች። ዘይቱና እጇን አነሣች። አነሣችና ጀርባውን አየችው፤ የገዛ እጁ ሥራ የሆነው ጀለቢያ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ባጨበጭብ ነገስ ይነሣልኝ ይሆን? አለች በሆዷ። እጇን መለሰችና ተከተለችው። እሱ እራቱን ሲበላ እሷ ጓዳ ገብታ ሶላቷን እንደገና ሰገደች። ማንም አይፍረድባት፤ የሚፈርድ ካለ መጀመሪያ እሷ ቤት ገብቶ ያን ጀርባ ይየው። ስህተቱ ግን እየተደጋገመ መጣ፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አራት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ዘይቱና ዝም አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ቀን ልጃቸው ሙስአብ ሰንጋ ተራ ካለው ሥራው ሲመለስ ሶላት ሲጀምሩ ደረሰና ከአባቱ ጎን ቆመ። አብዱልጀባር ለአራተኛ ሊነሣ ሲል ልጁ ደንቡን ጠብቆ "ሱብሃነላህ" አለ። አባት ቁጭ አለ። ሶላቱ ሲያበቃ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ከዚህ በፊትስ ተሳስቼ አውቃለሁ?"

ዘይቱና መስገጃውን ማጠፍ ጀመረች።

"ዘይቱና፣ ተሳስቼ አውቃለሁ ወይ?"

"አልፎ አልፎ።"

"እኔኮ ስንተኛው ላይ እንዳለሁ ሲጠፋኝ ጆሮዬን ወዳንቺ ነበር የምጥለው። ካላጨበጨበች ልክ ነኝ ማለት ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።" ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት በስንት ጣዕሙ። "ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ይቺ አልጠፋችኝም እል ነበር።"

ከዚያ በኋላ ግድግዳው መግሪብንም ወሰደው። ሲለምኑት፣ "ሙስአብን ተከተይ" ይላል። መድኃኒቱንም ጉንጩ ሥር ደብቆ መትፋት ጀመረ። ዘይቱና ባሏ ከእጇ እየሄደ እንደሆነ፣ ከደከመችው ልቡ እኩል የእሷም ዝምታ እንዳለበት ገባት።

አንድ ቀን አዛን ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ። እኔ የፈራሁት ስህተትህን አልነበረም፤ እንዳትተኛብኝ ነው። ዋሸሁህ፤ ይኸው ተኛህብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወላሂ አጨበጭባለሁ። አሥሬም ቢሆን አጨበጭባለሁ።"

"ሳትራሪልኝ?"

"ሳልራራልህ።"

ተነሣ። የመጀመሪያው ረከዓ አልቆ መቆም ሲገባው ቁጭ እንዳለ ቀረ፤ አጨበጨበች። ወዲያው ቆመ። ዘይቱና ደስታዋን መቻል አቃታት። ይኸው ይቻላል፤ እሱ ቢረሳ እኔ አለሁለት አለች።

ሁለተኛው ላይ የቁርኣን መክፈቻዋን ፋቲሃን ጀመረና መሐል ላይ ዝም አለ። ፋቲሃን ማንም ሕፃን ያውቃታል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በየሶላቱ ሲቀራት ኖሯል። ዘይቱና ጠበቀች። አጨበጨበች። ዝም። ደግማ አጨበጨበች፤ አብዱልጀባር ወንበሩን ጨብጦ፣ ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ጭብጨባ ተሳስተሃል ይላል እንጂ ቀጥሎ ያለው ይሄ ነው አይልም።

ዘይቱና ቀጣዩን ቃል ከኋላው ቀስ ብላ አለችለት። እሱም አለ። ሌላም ጨመረችለት፤ ተከተላት። እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ፣ ድምፅዋ እንዳይሰበርባት እየታገለች፣ አንድ በአንድ እየሰጠችው እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

እራት አቀረበች። ጨው የሌለውን ወጥ ቀምሶ ቀና ሲል ሊተርበኝ ነው ብላ ጠበቀች። ስለ ጨው ግን ምንም አላለም።

"ነገም ከኋላዬ አለሽ?" አላት።

"አለሁ" አለችው።

ያን ምሽት ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተኛ።