በሁለት ዋጋ የተሸጠ ሳል

መምህሩ የሂሳብ ትምህርቱን በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር የቆረጠለት ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ማን ዞር ብሎ ይየው! ዕድሜውን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ሲውጥ የኖረ ሰው፣ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ስልኩን የመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ ለመልቀቂያ ፈተና የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ ቀርጾ አስቀመጠ። ገዢ ግን የለም። ሚስቱ "እንግዲያው ብርድ ልብሱን መልስልኝ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

መላውን ያመጣለት ቀድሞ ቤት ያሻሽጥ የነበረ ጓደኛው ነው።

"አንተው ራስህ ያረከስከውን ማን ያክብርልህ?" አለው። "ዋጋውን አሥር እጥፍ ስቀለው፤ ስሙን 'ልዩ ጥቅል' በለው፤ ከዚያ አርፈህ ቁጭ በል።"

"እሺ፣ ምን ልጨምርበት?"

"ዋጋ ነዋ! አልሰማኸኝም እንዴ? ርካሹንም እንዳታነሳው። እሱ ከጎኑ ካልቆመ ውዱ ውድ መሆኑ በምን ይታወቃል?"

መምህሩ ለይስሙላ ትንሽ አቅማማና የተባለውን አደረገ። የሽፋኑን ሥዕል ወርቅማ ቀለም ቀባው። ልዩውን የገዛ ሰው አንድ ጊዜ በስክሪን ፊት ለፊት ያነጋግረዋል ብሎም ጻፈበት። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። በእኩልታው ትምህርት መሃል ትን ብሎት ሲስልና ውሃ ሲጎነጭ የሚታይበት ቦታ እንኳ አልተቆረጠም።

ከዚያ ከረባቱን አስሮ ማስታወቂያ ሠራ። "ማንም ሰው ምርጡን በነፃ አይሰጥም" አለ፣ ጣቱን ወደ ካሜራው ቀስሮ። "በነፃ የተሰጣችሁ ነገር ካለ የሰጪው ትራፊ ነው። የልጃችሁን ዕድል በትራፊ አትወስኑ።" አቤት አፍ! ገበያው ደራ። ርካሹን አይቶ እንዳላየ ያለፈ ወላጅ ሁሉ ያንኑ ትምህርት በአሥር እጥፍ ለመግዛት ይሽቀዳደም ጀመር። መምህሩን መጀመሪያ ሰሞን ሐፍረት ቢጤ ሸንቆጥ ያደርገው ነበር። እየቆየ ግን ለመደው፤ ሲለምደው ደግሞ ብልሃት ይለው ጀመር።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አንዲት ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ልጅቷ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት፤ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ካልሆነላት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቁልፍ መትከል ነው። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ፣ ማስታወቂያውን ከመሥራቱ በፊት ትምህርቱን በሙሉ በነፃ ልኮላታል። በዚህ እንኳ አይታማም፤ አንድም ሳያስቀር ነው የላከው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልዩ ጥቅል ገዢ ሊያነጋግር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። የተመዘገበው ስም የማያውቃት ሴት ስም ነበር። ስክሪኑ ሲበራ ግን ብቅ ያለችው የእህቱ ልጅ ናት።

"እንዴት ነህ ጋሼ" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አንቺ! እዚህ ደግሞ በምን ገባሽ?"

"እማዬ ገዛችልኝ። በጎረቤታችን ስም ነው ያስመዘገበችኝ፤ ካወቅክ ገንዘቡን አትቀበላትም ብላ።"

"እኔ የላኩልሽስ?"

ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች። "እሱ ትራፊው ነው አለች። ማስታወቂያህን ሰምታ።"

መምህሩ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ከልጅቷ ጀርባ ያለውን ክፍል ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል። ዓይኑ መስኮቱ ሥር ሲያርፍ ግን ቦታውን ባዶ ሆኖ አገኘው። የስፌት መኪናው የለም። እሱ ራሱ አንደኛ ክፍል ሲገባ የለበሰው ዩኒፎርም የተሰፋው በዚያ መኪና ነበር።

"መኪናው የት ሄደ?"

"ተሸጠ" አለች ልጅቷ። "እማዬ አሁን መኪናውን በገዛት ሰውዬ ሱቅ ተቀጥራ ትሰፋለች። በራሷው መኪና ላይ ነው ያስቀመጣት፤ ጠባዩን አንቺ ታውቂዋለሽ ብሎ።"

በማግስቱ እህቱ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት ገንዘቡን በፖስታ ይዞ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ነው የደረሰው። ሁለቱም አንድ ናቸው እላታለሁ፤ ካሻት ትስደበኝ፣ ካሻት በጥፊ ታጩለኝ፤ ብቻ ገንዘቧን ትያዝና መኪናዋን ታስመልስ። ልጅቷ ግን ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ልትነግራት ነው አይደል?"

"ምኑን?"

"ሳልህን" አለችው። "እኩልታው ላይ ትን ይልሃል። በነፃውም ይልሃል፣ በተከፈለበትም ይልሃል። ውሃ የምትጠጣበት ኩባያ እንኳ ያው ነው። የተገዛልኝ ዕለት ነው ያየሁት።"

መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"መኪናው ሄዷል እኮ ጋሼ። በከንቱ ነው የሸጥሽው ልበላት? እዚያ ሱቅ ስትውል የሚያስችላት 'ለልጄ ምርጡን ገዛሁላት' የምትለው ነገር ብቻ ነው። እባክህ እንዳትነግራት።"

ቤት ገብተው ልጅቷ ደብተሯ ላይ እንደተቀመጠች እህቱ ጣቶቿን እያፍታታች መጣች። ወንድሟን ስታይ ደስ አላት፤ ፖስታውን ሲዘረጋላት ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ያንቺው ገንዘብ ነው፣ እትዬ። ከእህቴ አልቀበልም። መኪናሽን አስመልሺበት።"

"ኪስህ ክተተው! ከመለስክልኝማ ያው ነፃ ሆነ ማለት አይደል? እኔ ያንተኑ ቃል ነው የያዝኩት። ልጄን አታያትም? ከተከፈለላት ወዲህ ከወንበሯ አትነሳም።" ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። "አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ልንገርህ። ለባዳ ምርጡን እየሸጥክ ለሥጋህ ትራፊውን መላክህ... እኔ ላንተ እንዲህ ነበርኩ?"

መምህሩ ልጅቷን ዞር ብሎ አያት። ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች፤ እስክሪብቶዋ ግን አይንቀሳቀስም። እውነቱ ጉሮሮው ድረስ መጣና መልሶ ዋጠው። ለእህቱ በዕድሜው ሳይሰስት የሰጣት ነገር ቢኖር ለልጇ የላከው ያ ትምህርት ነበር።

"አጥፍቻለሁ፣ እትዬ" አለ። "ይቅር በይኝ።"

"በቃ፣ አልፏል።" እንባዋን ጠረገች። ቂም የሚባል ነገር አታውቅም፤ እዚያው ይቅር አለችው። ሻይ ልትጥድ ተነሥታ በር ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ አላት።

"ያቺ ስሟን ያዋሰችኝ ጎረቤቴም ለልጇ ልትገዛ ነው። የቱ ይሻለኛል ብትለኝ፣ ርካሹን እንዳትነኪው፣ ወንድሜ ራሱ የተናገረው ነው አልኳት። ፍሪጇን የሚገዛት ሰው እያፈላለገች ነው። አደራ፣ ካንተ ስትገዛ ልጇን ደህና አድርገህ አነጋግርልኝ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አጎቷን ትክ ብላ አየችው። የሚለውን እየጠበቀች ነበር።

"እሺ" አለ መምህሩ።