የሀዚም ጆሮ

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ገና መሪየም ጋ ሳይደርስ አቶ አብዱልሐሚድ ፈረዱ። መነጽራቸውን አወለቁና፣

«አይደለም። የኔ ልጅ አይደለም» አሉ።

ቤቱ እፎይ አለ። ወይዘሮ ከይሪያ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያሉ እተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አጥብቆ አስጠንቅቋል። ፎቶውን አላዩም፤ ልይም አላሉም። የባላቸው አንዲት ቃል በቃቸው።

ስልኩን ያመጣው እንድሪስ ነው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ሲሆን ከልጃቸው ከሀዚም ጋር አብሮ አደግ ነው። ኦቦክ አጠገብ ጀልባ ተገልብጦ ባሕሩ የተፋቸው ልጆች ፎቶ ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲቀባበል እሱም ዘንድ ደረሰ። ከልጆቹ አንዱ ሀዚምን ቢመስለው፣ በስልክ መላኩን ፈርቶ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ ድረስ ራሱ ይዞት መጣ።

«አውፍ በሉኝ አባባ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በአረፋ ዋዜማ እንዲህ ያለ ነገር ይዤባችሁ መምጣቴ…»

«አብሽር ልጄ። ለደግ ብለህ ነው ያመጣኸው።»

ይሄኔ ነው ስልኩ የሀዚም ሚስት እጅ የገባው። መሪየምም መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ፊቱን አየች። አሸዋው ላይ ከተጋደሙት ከአምስቱ ሦስተኛው ነው፤ ጨውና ፀሐይ አሳብጠውት የማንም ፊት ሊሆን ይችል ነበር። በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ ቀኝ ጆሮው ወደ ሰማይ ዞሯል። ዓይኗ ጆሮው ላይ አረፈ። ጣቷ ሳታዘው ጉልበቷ ላይ መሄድ ጀመረ፤ የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ዞረ፣ ወደ ውስጠኛው እጥፋት ገባ፣ ከጉንጭ ጋር ወደተጣበቀው ለስላሳ የጆሮ ጫፍ ወረደ። ይህን መንገድ ጣቷ በቃሉ ያውቀዋል።

ሀዚም የሄደው በሚያዝያ ነው። ሰኞ ገበያ የነበረችው የጨርቅ ሱቁ ኪራይና ግብሩን አልችል ስትለው ዘጋትና ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊሠራ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ። «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ» ያለው ሰው ብዙ ነው፤ መቼም ለተረት የሚሰንፍ የለም። መሪየም የቀራት በስልኳ ያነሳችው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፦ ሀዚም በጎኑ ሆኖ፣ ባንኮኒው ላይ አቀርቅሮ ጨርቅ ሲቆርጥ። ያንን ፎቶ ስታይ ስታይ አንድ ቀን ልስለው አለች። ስዕል የሚባል ነገር ሞክራ አታውቅም። ሚሞሪ የሚጭነውን ልጅ «የእርሳስ ስዕል ማስተማሪያ ካለህ» ብትለው፣ ከኢንተርኔት አውርዶ ሃያ ሁለት ቪዲዮ ጫነላት።

መምህሩ ፊት የለውም። የሚታዩት ሁለት እጆች፣ ወረቀትና እርሳስ ናቸው። የሚናገረው እንግሊዝኛ ብዙውን ያመልጣታል፤ እጆቹ ግን አያመልጧትም። ፎቶውን በካሬ መስመር ሲከፋፍሉት ከፋፈለች። እርሳሱን አስተኝተው ሲያጠቁሩ አጠቆረች። ጥላውን በብሩሽ ሲያለሰልሱ፣ ብሩሽ ስለሌላት በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ አለሰለሰች። መምህሩ ደጋግሞ የሚላት አንዲት ነገር ግን ገብታታለች፦ የምታውቂውን ሳይሆን የምታዪውን ሳዪ።

ችግሩ ቤቱ ነው። አቶ አብዱልሐሚድ ሩሕ ያለው፣ ነፍስ ያለው ነገር ስዕል ቤታቸው አያስገቡም። መላእክት አይገቡም ይላሉ፤ ሱቅ የሚሰጣቸውን የቀን መቁጠሪያ እንኳ ሴት ካለበት ወደ ውስጥ አጥፈው ነው የሚሰቅሉት። መሪየም ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ለራሷ ፈረደች። ሙሉ ፊት ካልሳልኩ፣ ዓይን ካላወጣሁለት ምን ነውር አለው? ጆሮ ብቻውን ሩሕ የለውም። በዚህ ሰበብ ጆሮ ላይ ቀረች። የመጀመሪያው ያደረ ፓስቲ መሰለ። አሥረኛው ጆሮ መሰለ። ሃያ ምናምነኛው የሀዚምን መሰለ።

አንዲት ነጥብ ብቻ አስቸግራት ነበር። ከጆሮው ፊት ለፊት፣ ከጉንጩ ጥግ፣ በመርፌ ጫፍ የተበሳ የምትመስል ቀዳዳ ፎቶው ላይ ትታያለች። እድፍ መስሏት ስልኩን ጠረገች፤ ወረቀቱ ላይም ስታወጣት በላጲስ ታጠፋታለች። አንድ ጁምዓ ታዲያ አቶ አብዱልሐሚድ ቤት ሰግደው ሲያሰላምቱ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ቢያዞሩ፣ ያቺው ቀዳዳ እሳቸው ጆሮ ሥር ቁጭ ብላ አየቻት። የዘር ናት። ሁለት ዓመት አንድ ትራስ ተጋርታው ያላየችውን ከሄደ በኋላ አየችው። ያን ቀን በጣም አፈረች፤ በጣምም አለቀሰች።

አሁን ሁለት ጣቶቿን ስክሪኑ ላይ ከፈት አድርጋ ምስሉን አቀረበችው። ነጥቧ አለች። ይህችን ባሕሩም አላጠፋትም።

«ደግሞ ምን ታፈጪበታለሽ?» አሉ ወይዘሮ ከይሪያ እንባቸውን እየጠረጉ። «አባትየው አይደለም ካለ አይደለም። ስጪው ስልኩን ይሂድበት!»

መሪየም ሰጠች። አፏን ብትከፍት የሚከተለውን ታውቀዋለች። ዒዳ፣ የባል ሐዘን፣ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ኩል የለ፣ ሽቶ የለ፣ ሂና የለ። እሱስ ይሁን። የሚከብደው ወሬው ነው። አባት «አይደለም» ያለውን ሚስት «ነው» ብትል፣ ወጣት ናት፣ ልጅ አልወለደች፣ ባሏን ለመቅበር ቸኮለች መባሏ አይቀርም። ዝም ብትል ደግሞ የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ታረጃለች፤ እሱም የሙት ሶላት ሳይሰገድበት ይቀራል።

እንድሪስ ሄደ። አቶ አብዱልሐሚድ ለነገ የተገዛውን በግ ሊያዩ ወደ ጓሮ ወጡ። መሪየም አልጋዋ ሥር የደበቀችውን ደብተር ሻሿ ውስጥ ሸፍና ተከተለቻቸው። ሽማግሌው በጉን አያዩም ነበር፤ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። ከዚያ ቢፈልጉ ይቆጡኝ።»

ደብተሩን ተቀበሏት። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሌላም። ጆሮ፣ ጆሮ፣ ጆሮ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዓይን የለውም» አሉ።

«ዓይን ስዬ አላውቅም አባባ። ወላሂ።»

መጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸው ነጥቧን አገኛት። ከዚያ ያው ጣት ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ጆሮ ሄደ።

«አውቄዋለሁ ልጄ» አሉ። «ገና ስልኩ እጄ ሲገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አይደለም አሉ?»

«ከይሪያን አየኋት። ዓይኗ አፌ ላይ ነበር።» ደብተሩን ዘጉት። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ይቺን የሞት ቃል እንኳ ጮክ ብዬ ማለት አልቻልኩም።»

«እኔም ሰው ባሏን ለመቅበር ቸኮለች ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ሰው!» አሉ በምሬት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እለምንሻለሁ መሪየም፤ ዒዱ ይለፍ። ሦስት ቀን። ከዚያ እኔው ራሴ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ።»

«ሦስት ቀን ሲያልፍ ሌላ ምክንያት አይመጣም አባባ?»

ትልቅ ሰው ናቸው፤ በነጋዴነት ዘመናቸው ጨርቅ ሲሸጡ እንኳ ዋሽተው አያውቁም የሚባሉ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

«ነገ ያ ሁሉ ሕዝብ ይሰግዳል» አሉ እንደዞሩ። «ልጄ ላይ ግን የሰገደ የለም። አንድም ሰው።»

መሪየም ደብተሩን እጃቸው ላይ ትታ ወደ ቤት ተመለሰች። ገና በሩ ላይ ሳለች ወይዘሮ ከይሪያ ጠሯት። ሂናውን አቡክተው ግራ እጃቸውን ግማሽ ድረስ ተቀብተዋል። ከወራት በኋላ ዛሬ ገና ፊታቸው ፈክቷል።

«ነይ እጅሽን አምጪ! ምን ሆነሽ ነው የምትጠወልጊው? አይደለም ተባለ እኮ። አላህ አተረፈልን። ባልሽ ሲደውል በሂና እጅሽ ነው ስልኩን የምታነሺው።»

መሪየም መጀመሪያ ወደ ጓዳ ገባች። የልብ መድኃኒታቸውን ከመስኮቱ አነሳች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«መድኃኒቱን ምነው? ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ይቀመጥ እማ።»

ቀኝ እጇን ተቀበሏትና የመዳፏን ጠርዝ አዩት። «ይሄ ጥቁር ደግሞ ምንድን ነው? ከሰል ነው?»

«እርሳስ ነው።»

«እርሳስ! እንደ ተማሪ!» ሳቁ። በእርጥብ ጨርቅ ፈትገው አጠቡላት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ከሂናው በጣታቸው ጫፍ ዛቅ አደረጉ። አቶ አብዱልሐሚድ ከጓሮ ገብተው በሩ ላይ ቆመዋል። ደብተሩ ብብታቸው ሥር ነው፤ ዓይናቸው ምራታቸውን ይለምናል። መሪየም አየቻቸው። በጣም አዘነችላቸው። ሂናው መዳፏን ሊነካ ሲል ጣቶቿን አጠፈች።

«እማ፣ እኔ ሂና አልቀባም።»

«በአረፋ? ለምን?»

እጇን አልነጠቀቻቸውም። የተጨበጠው እጇ በወይዘሮ ከይሪያ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ወይዘሮ ከይሪያ ጭብጡን አዩት። ባላቸውን ቀና ብለው አዩ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ጨርቁን አነሱና የራሳቸውን ሂና፣ ገና ያልደረቀውን፣ መጥረግ ጀመሩ። ጠርገው ጠርገው፣ ቀና ሳይሉ፣

«ስንት ቀኑ ነው?» አሉ።

መሪየም በግራ እጇ መድኃኒቱንና ውሃውን አቀረበችላቸው።