ከሠላሳ ሰባት እስከ አርባ ስምንት

ሰብለ የእንሰቱን ቅጠል ከግንዱ አጠገብ ስትቆርጠው ከቁስሉ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ቢላውን በአልኮል ጠርጋ፣ በክብሪት ለብልባ ወደሚቀጥለው አለፈች። እዚያም ያው ነው። አራተኛው ላይ ስትደርስ መቁረጡን ተወችው። የቀሩትም የመሃል ቅጠሎቻቸው ጠውልገው ተንጠልጥለዋል። አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ገብቷል።

ጉኑኖ ከተማ አጠገብ ባለው በዚህ ጓሮ አርባ ስምንት እንሰቶች ለምርምር ተተክለው፣ የፍግ መጠን ዕድገታቸውን እንዴት እንደሚለውጠው ለማወቅ ሁለት ዓመት ተለክተዋል። የምትለካቸው ሰብለ ናት። ሶዶ ካለው የምርምር ጣቢያ በየወሩ እየመጣች ቁመታቸውንና የግንዳቸውን ውፍረት ትመዘግባለች፤ በየሁለት ወሩም ከእያንዳንዳቸው አንድ ቅጠል ለናሙና ትቆርጣለች። መሬቱን የፈቀዱት ወይዘሮ ሽታዬ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው።

መዝገቡን ገለጠች። ዛሬ የመዘገበቻቸው እስከ ሠላሳ ስድስት ያሉት ጤነኞች ናቸው። ከሠላሳ ሰባት እስከ አርባ ስምንት ያሉት በሙሉ ታመዋል።

ከሁለት ወር በፊት ናሙና ስትወስድ አልኮሉ ያለቀባት ልክ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ነበር። ያን ቀን የእሱ ቅጠል ገርጥቶ አይታለች፤ ውኃ ጠምቶት ነው ብላ አለፈችው። ዝናብ እያንዣበበ ነበርና ቢላውን በሱሪዋ ጠርጋ የቀሩትን ቆራረጠች። በሽታው በቢላ እንደሚተላለፍ ለገበሬዎቹ ስታስተምር የኖረችው ራሷ ናት።

"በሽታው ነው አይደል?" አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ከኋላዋ።

"ነው፣ እማማ።"

"አውቄዋለሁ። ከቤት ጀርባ ያሉት የኔዎቹም ሦስቱ ጀምሯቸዋል። አንዱን ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ልፍቀው አስቤ ነበር።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። "በእኔ ነው የመጣው፣ ልጄ። ያን ቀን ሥራሽን ስትጨርሺ ቢላሽን ተውሼ ለላሚቱ ቅጠል ቆረጥኩበት። ሳላጥበው። ጦናም ይህንኑ ነው የሚለው።"

ጦና የሟች ባላቸው ወንድም ነው፤ ጓሮው ከእሳቸው ጋር ይዋሰናል።

"እሱ ምን አለዎት?"

"'ያመጣሽው በሽታ ወደ እኔ ሳይሻገር የወንድሜን መሬት ልቀቂ' አለኝ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል።"

ሰብለ ስልኳን አወጣች። ራቅ ብላ ምርምሩን ለሚመራው ለዶክተር መክብብ ደወለች።

"ስንት ናቸው?"

"አሥራ ሁለት። ከወይዘሮ ሽታዬም ሦስት።"

"ቢላሽን ሰጥተሻት ነበር እንዴ?"

"ተውሰውኝ ነበር።"

"በቃ፣ ከእሷ እንሰት ወደ እኛ ገብቷል ማለት ነው። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። የሠላሳ ስድስቱ መረጃ ይተርፍልናል።"

"ዶክተር፣ እሳቸው የተዋሱኝ እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው።"

መክብብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰብለ፣ ውልሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። ይህን ሪፖርት የሚያነቡት ሌሎችም አሉ። አስቢበት" አላትና ዘጋው።

ስትመለስ ወይዘሮ ሽታዬ ጎንበስ ብለው ከታመሙት የራሳቸው እንሰቶች አንዱን በመቆፈሪያ መንቀል ጀምረዋል። ሥሩ አልለቅ ብሎ ያታግላቸዋል።

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉም" አለች ሰብለ። "ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

የአልኮሉን ማለቅ፣ የገረጣውን ቅጠል፣ ሱሪዋን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አሮጊቷ ቀና አሉ። አልተቆጡም። ያ ደግሞ ባሰባት።

"ሁለት ሳምንት ጾምኩ" አሉ። "ጌታ ሆይ፣ ምን በድዬህ ነው እያልኩ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ይቅርታውን እንዳልሰሙ ሁሉ ወደ ጓሯቸው ዞሩ። "በዚያ ቢላ የቆረጥኩት ከሦስቱ ብቻ አይደለም። ከሰባት ነው። አራቱ ደህና ይመስላሉ።"

"እነሱም መነቀል አለባቸው።"

"ለመፋቅ የደረሱት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ገና ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። እስከዚያ ምን እንበላለን?"

ሰብለ መቆፈሪያውን ከእጃቸው ተቀብላ በሥሩ ዙሪያ ቆፈረች። እንሰቱ በጎኑ ሲወድቅ የበሰበሰ ሽታ ተነሣ።

"ለእኔ የነገርሽኝን" አሉ ወይዘሮ ሽታዬ፣ "ለጦና ትነግሪልኛለሽ? እኔ ብነግረው አያምነኝም።"

ለጦና የተነገረ ነገር ሳይመሽ ቀበሌው ሁሉ ይሰማዋል፤ በማግስቱ ሶዶ ይደርሳል። ሰብለ እጇ ላይ የቀረውን አፈር እያራገፈች ከአጥሩ ማዶ ያለውን የጦናን ቆርቆሮ ቤት አየችው።

"አሁን ቤት ይኖራል?" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ አጥሩ መውጫ ሄደች።